በዓሣው ገንዳ መላሽ ቧንቧ ላይ ስላለችው ሦስት ሚሊ ቀዳዳ

ለተከበሩ የተሐድሶ ሕክምና ማዕከሉ የንብረትና ጥገና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቀዳዳዋ ዳግመኛ ሳትደፈን እንድትኖር፣ የተለጠፈውም ማስታወቂያ እንዲነሣ በትሕትና ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። ጉልበትዎ ደረጃ ለመውጣት፣ ዓይንዎ የተጻፈ ለማንበብ፣ ጆሮዎም የተነገረ ለመስማት ይበቃ ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ፤ ጉልበትዎን እንኳ ሳየው ደህና ነው፣ ምኞቴ የሚበረታው በቀሩት በሁለቱ ላይ ነው። የቢሮዎ ምንጣፍም ከሰኞ ወዲህ ደርቆልዎት እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

ይህ ሰው ደግሞ ማነው ብለው እንዳይቸገሩ ራሴን ላስተዋውቅ። በሳምንት ሦስት ቀን ባለቤቴን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ወደ ሁለተኛው ፎቅ የመልመጃ አዳራሽ የማመጣት፣ አሳንሰሩ በተበላሸ ቁጥር ከዘበኞቹ ጋር ወንበሩን ተሸክሜ ደረጃ የምወጣ ሽማግሌ ነኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ቧንቧ ሠራተኛ ሆኜ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። እጄ ግን ጡረታ መውጣቱን የነገረው የለም።

ደብዳቤዬን በግልጽ የጻፍሁት ልዳፈርዎ ፈልጌ አይደለም። ከዚህ ቀደም ስለ ቧንቧው የጻፍሁትን ሦስት ጊዜ በፖስታ አሽጌ ለቢሮዎ ባስገባ ሦስቱንም ጊዜ «ለሚመለከተው ክፍል ይቅረብ» የሚል ማኅተም አርፎበት ተመለሰልኝ፤ የሚመለከተው ክፍል የትኛው ነው ብዬ ስጠይቅም የእርስዎ ክፍል መሆኑ በአክብሮት ተነገረኝ። እንግዲህ ከአንድ በር ወጥቼ ወደዚያው በር መግባቱ ስለ ደከመኝ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት በአዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ልሰቅለው ቆረጥሁ። አራቱን ስፒሎች ማን እንደ ሰጠኝ አይጠይቁኝ፤ ስልክ የምታነሣዋ ልጅ ግን ምንም የምታውቀው ነገር የለም።

ያስጻፈኝ ነገር ማክሰኞ ጠዋት በዓሣው ገንዳ መስታወት ላይ ተለጥፎ ያገኘሁት ወረቀት ነው። «ይህ ገንዳ ውኃ የሚያፈስ በመሆኑ ሐሙስ በሚደረገው የኮሚቴ ስብሰባ ከአዳራሹ እንዲነሣ ይወሰናል» ይላል። ስብሰባው ሳይደረግ ውሳኔው መታወቁ የሥራዎን ቅልጥፍና ስለሚያሳይ እንኳን ደስ ያለዎት ልል እወዳለሁ። ሆኖም ገንዳው ውኃ ያፈሰሰው ለምን እንደሆነ ሳይጠየቅ ቢነሣ እውነቱም አብሮ በባልዲ እንዳይወጣ እሰጋለሁ።

ሰሌዳውን ቆመው ለሚያነብቡ ለማያውቁት ሰዎች ገንዳውን ላስረዳ። አንድ የቀድሞ ታካሚ ድኖ በእግሩ ሲወጣ ለአዳራሹ ያበረከተው የመስታወት ገንዳ ነው። ውስጡ ጨዋማ የባሕር ውኃ አለ፤ ድንጋዩ ላይ ኮራል በቅሏል፣ በኮራሉ መካከል ጥቂት ዓሣዎች ይኖራሉ። ከሁሉ ትልቁ፣ ባለ ነጭ መቀነት ብርቱካንማው ዓሣ ከዋሻው ደጃፍ ስለማይርቅ ታካሚዎቹ «ጋሼ ዘበኛ» ይሉታል። የዓሣዎቹን ገላ እየለቃቀመች የምታጸዳው ቀይ ሽሪምፕ ደግሞ «እትዬ ጽዳት» ትባላለች። እትዬ ጽዳት ቁመቷ ከጣት አይበልጥም፤ በዚህ ማዕከል ውስጥ ግን የእርሷን ያህል ሥራዋን አክብራ የምትሠራ ሠራተኛ አላየሁም፤ ከእርስዎ በቀር ማለቴ ነው።

ባለቤቴ የዛሬ አራት ወር ስትሮክ መትቷት ቀኝ ጎኗ ተያዘ፤ ንግግሯም አብሮ ሄደ። አርባ አንድ ዓመት በትዳር ስንኖር የመጨረሻውን ቃል እሷ ሳትናገር የተዘጋ ክርክር ስላልነበረን፣ ቤታችን እንዴት ጭር እንዳለ ይገምቱት። ፊዚዮቴራፒስቷ ቀኝ እጇን ለማንቀሳቀስ በባለቀለም ኳስም በእንጨት ቀለበትም ሞከረቻት፤ ባለቤቴ ቅንድቧን አንሥታ ፊቷን አዞረች። ያን ቅንድብ ስለማውቀው ተርጉሜላታለሁ፤ «ሕፃን መሰልኳችሁ እንዴ?» ማለቷ ነበር። እጇ እንደ ሰው ዕቃ ጭኗ ላይ ተቀምጦ አንድ ወር ሞላ።

ከዚያ አንድ ቀን ፊዚዮቴራፒስቷ ወንበሯን ወደ ገንዳው አዞረችና፣ እትዬ ጽዳት ወደ ሄደችበት በጣትሽ ተከተያት አለቻት። እትዬ ጽዳት ጋሼ ዘበኛን ጉንጩን ልታጸዳለት ከድንጋዩ ወረደች። የባለቤቴ ሌባ ጣት ተነሣ። ትንሽ ነው የተነሣው፣ የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል፤ ግን ተነሣ። ስንቱን የፈነዳ ቧንቧ የዘጋሁ ሰው የራሴን ዕንባ መዝጋት አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ መልመጃዋን የምትሠራው በዚያ ገንዳ ፊት ብቻ ነው፤ ለሌላ ነገር ያ እጅ አይነሣም። ስለዚህ ገንዳው ሐሙስ ከወጣ የሚወጣው ዓሣ ብቻ አይደለም፤ እጇ ወደ ጭኗ ይመለሳል። ይህንን ያለ ምንም ቀልድ እንድጽፍልዎ ይፈቀድልኝ።

አሁን ወደ ቀልዴ ልመለስና ቅሬታዬንና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ። ሁለቱ አንዳንድ ቦታ ቢቀላቀሉብኝ እርስዎ አስተዋይ ስለ ሆኑ ይለዩታል።

፩ኛ፤ ስለ ናሱ። የገንዳው ውኃ ሞልቶ ከሥሩ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ወደ ተቀመጠው ትንሽ ገንዳ ይወርዳል፤ እዚያ ተጣርቶ፣ በሞተር ተገፍቶ በአንድ ቧንቧ ወደ ላይ ይመለሳል። መላሽ ቧንቧ የምንለው ይህን ነው። የዛሬ ሁለት ወር አሮጌው ሲሰነጠቅ ክፍልዎ በሦስት ቀን ውስጥ አዲስ መጋጠሚያ ገዝቶ አቀረበ፤ ለፍጥነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። የገዙት ሁሉ ናስ ነበር። ጎሚቶው፣ ማለትም መታጠፊያው ናስ፤ ውኃ እንዳይመለስ የሚከለክለው ቼክ ቫልቭም ናስ፤ ሁሉም ያብለጨልጫል። የማዕከሉ መመሪያ «ማንኛውም የውኃ መስመር መጋጠሚያ ናስ ወይም ብረት ይሁን» ስለሚል መመሪያውን አክብረዋል። መመሪያው የተጻፈው ለመጸዳጃ ቤት እንደሆነ ግን እትዬ ጽዳት አታውቅም።

ናስ ውስጥ መዳብ አለ። ጨዋማ ውኃ ናስን ይበላል፤ መዳቡም እየሟሟ ገንዳው ውስጥ ይገባል፤ ሰው ቢጠጣው የማይሰማው ጥቂት መዳብ ኮራልንና ሽሪምፕን ይጨርሳል። ይህን በጻፍሁልዎ ጊዜ በቃል የላኩልኝ መልስ፣ «የገዛነው ናስ እንጂ መዳብ አይደለም፤ እኔም ቤት የናስ ቧንቧ አለ፣ ከቤተሰቤ የታመመ ሰው የለም» የሚል ነበር። ስለ ቤተሰብዎ ጤንነት ደስ ብሎኛል። ከቤተሰብዎ መካከል ሽሪምፕ ያለ ስላልመሰለኝ ነው እንጂ መልሱ በቂ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጎሚቶዎቹ አረንጓዴ ለበሱ፤ ኮራሎቹ ተኮማተሩ፣ መስታወቱ ላይ የሚሳቡት ቀንድ አውጣዎች አንድ በአንድ ወደቁ፣ እትዬ ጽዳትም ድንጋይ ሥር ገብታ አልወጣም አለች። እርሷ ስትደበቅ የባለቤቴ ጣትም ተደበቀ።

ፊዚዮቴራፒስቷ መጥታ ካነጋገረችዎ በኋላ ናሱ ወጥቶ ፕላስቲክ እንዲገባ መፍቀድዎን እዚህ ላይ መካድ አይገባኝም፤ ፈቅደዋል። ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር፤ ናሱ ለገንዳው ስለ ተገዛ ከገንዳው እንዳይርቅ ነው ያሉት። ይኸው በቅርጫት ሆኖ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ተቀምጧል። ጎብኚዎች ምንድነው ብለው ሲጠይቁን ጌጥ ነው እንላቸዋለን።

፪ኛ፤ ስለ ጎሚቶዎቹ ብዛት። ቧንቧ ለእንግዳ ዓይን አያምርም በማለት መስመሩ ከግድግዳው ጥግ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከወንበሮቹ ሥር እየዞረ እንዲመጣ በእጅዎ የሣሉትን ሥዕል በክብር አስቀምጬዋለሁ። ዘጠኝ ጎሚቶ አለው። ውኃ እንደ እኔ ሽማግሌ ነው፤ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ይደክመዋል። መጋዘን ውስጥ የቀረ ግማሽ ኢንች ቧንቧ አለ ተብሎ ባለ አንድ ኢንቹ ሞተር በግማሽ ኢንች እንዲተነፍስ ሲደረግ ደግሞ፣ ሞተሩ ከታች ያጉረመርማል፣ ከላይ የሚደርሰው ውኃ አፍንጫው የታፈነ ሰው ነው የሚመስለው። ኮራል ቆሞ የሚበላ ፍጡር ስለ ሆነ ምግቡን የሚያመጣለት የውኃው ግፊት ነው፤ ግፊት ከሌለ ይራባል።

እኔ የለመንሁት ባለ ሙሉ ኢንች ቧንቧ፣ ለስለስ ብለው የሚታጠፉ ሁለት ጎሚቶዎች፣ ለጽዳት ጊዜ ቧንቧውን ሳይቆርጡ ፈትቶ ለመግጠም የሚያስችል አንድ ዩኒየን ብቻ ነበር። ዩኒየኑን «ተፈትቶ የሚገጠም ነገር ለሌባ ይመቻል» ብለው ከለከሉ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ሥራዬ የዓሣ ገንዳ ቧንቧ ሊሰርቅ ሁለተኛ ፎቅ የወጣ ሌባ አጋጥሞኝ ባያውቅም፣ ጥንቃቄዎን አደንቃለሁ። በዚህ ነጥብ ላይ በመጨረሻ ያሸነፍሁ እኔ ነኝ፤ ያሸነፍሁት ግን ተከራክሬ አይደለም፣ እርስዎ የዓመት ፈቃድ ወጥተው ነበር። ከፈቃድ ሲመለሱ ኮራሎቹ ተዘርግተው፣ እትዬ ጽዳት ከድንጋይ ሥር ወጥታ፣ የባለቤቴም ጣት ብቻ ሳይሆን መዳፏ በሙሉ ከጭኗ ተነሥቶ ነበር። ዕረፍትዎን ጥቂት ቢያስረዝሙት ኖሮ ምናልባት አሁን በእጇ ትጽፍ ነበር።

፫ኛ፤ ስለ ቀዳዳዋ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አይቀየሙኝ፤ ደብዳቤው ሁሉ የተጻፈው ለእርሷ ነው። ከበርሜል በጎማ ውኃ ቀድቶ የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው፣ ጎማው አንዴ ሞልቶ መፍሰስ ከጀመረ አፉ ውኃ ውስጥ እስካለ ድረስ ማንም ሳይገፋው ወደ ታች መሳቡን አያቆምም። መላሽ ቧንቧውም እንዲሁ ነው። መብራት ሲኖር ሞተሩ ውኃውን ወደ ላይ ይገፋል፤ መብራት ሲጠፋ ያው ቧንቧ ይገለበጥና የላይኛውን ውኃ ወደ ታችኛው ይስባል። ታችኛው ገንዳ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ይሞላል። ከዚያ ያለው ወለሉ ነው፤ ከወለሉ በታች ደግሞ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የእርስዎ ቢሮ ነው።

መድኃኒቷ ቀላል ናት። ከውኃው ፊት ጥቂት ዝቅ ብሎ ቧንቧው ላይ ሦስት ሚሊ የምታህል ቀዳዳ በትራፓኖ መሰርሰሪያ ትበሳለች። ውኃው ትንሽ እንደ ወረደ ቀዳዳዋ አየር ትቀበላለች፤ አየር የገባበት ቧንቧም መሳቡን ወዲያው ይተዋል። እኔም አዲሱን ቧንቧ ስገጥም በስቻት ነበር። ቼክ ቫልቭ አለ አይደል እንዴ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አለ፤ ፕላስቲኩ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ግን አንዲት ቅንጣት ቀንድ አውጣ አፉ ላይ ከተቀመጠች አይዘጋም፤ ተቀምጣበትም አግኝቻታለሁ። ቀዳዳዋ ግን የሚዘጋም የሚከፈትም ክዳን ስለሌላት የምትረሳው ሥራ የላትም።

ባለፈው ዓርብ ተቆጣጣሪዎ ለወርኃዊ ጉብኝታቸው መጡ። በመስታወቱ አሻግረው ሲያዩ ከአዲሱ ቧንቧ ጎን ቀጭን ውኃ ሲረጭ አገኙ። የሚረጨው ውኃ ውስጥ ነው፤ ከገንዳው ወጥቶ የሚገባው እዚያው ገንዳ ውስጥ ነው። ተቆጣጣሪዎ ግን ፍሳሽ ፍሳሽ ነው ብለው ዩኒየኑን ፈቱ፣ ቧንቧውን አወጡ፣ ቀዳዳዋን በሲሊኮን ደፈኑ፣ አድርቀው መለሱ፤ «ተጠግኗል» የሚል ቢጫ ወረቀትም ለጠፉበት። ዩኒየን ለሌባ ይመቻል ያሉኝን ያን ጊዜ ባለመስማቴ ዛሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ልክ ነበሩ። የተሰረቀችው ቀዳዳዬ ናት።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ሰኞ ከምሳ በፊት ተፈጸመ። መብራት ጠፋ። ፊዚዮቴራፒስቷ ሌላ ታካሚ እያራመደች ነበር፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ የውኃ ጠርሙስ እየሞላሁ ነበር፤ ባለቤቴ ብቻዋን ገንዳው ፊት ጣቷን ዘርግታ እትዬ ጽዳትን እየተከተለች ነበር። ውኃው ሲወርድ፣ ኮራሉ አናቱ ከውኃ ሲወጣ ያየችው እሷ ብቻ ናት። ከዚያ ከአዳራሹ አንድ ድምፅ ሰማሁ። አራት ወር ያልሰማሁት ድምፅ ነው፤ ሻካራና ቁጡ፣ የእኔ ሚስት ድምፅ።

«ቀዳዳው!» አለች።

ክቡር ሆይ፣ ሚስቱ ልሳኗ የተዘጋ ሰው የመጀመሪያው ቃል ምን ይሆን እያለ ብዙ ያስባል። ስሜን ትጠራ ይሆን፣ የልጃችንን ስም ትጠራ ይሆን እል ነበር። የደረሰኝ ቀዳዳ ነው። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ሳበላትም፣ ጸጉሯን ሳበጥርላትም፣ ሳስተኛትም የማወራላት ስለዚያች ቀዳዳ ብቻ ነበር፤ እሷ ደግሞ መልስ መስጠት ባትችልም ሁሉንም ሰምታ አጠራቅማ ኖሯል። ጠርሙሱን ጥዬ ሮጬ የቧንቧውን አፍ ከውኃው አወጣሁት። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይባላል፤ እኛ ግን በባልዲና በመጥረጊያ የቻልነውን አፈስን። የቀረውን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ከታች ሆነው በደንብ አይተውታል።

ፊዚዮቴራፒስቷ ቃሉን ከነቀኑ በባለቤቴ ፋይል ላይ ጻፈችው፤ «ቀዳዳው፤ በግልጽ» ይላል። ተቆጣጣሪዎ ቀዳዳዋን ባይደፍኑ ኖሮ ባለቤቴ መቼ አፏን እንደምትፈታ አላውቅም። ስለዚህ ተቆጣጣሪዎን አመሰግናለሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ካሉት ምስጋናዎች መካከል እሾህ የሌለበት ይህ አንዱ ብቻ ነው፤ እንዳይጠፋብዎ ምልክት ያድርጉበት።

ጥፋቴንም አልደብቅም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ቀዳዳ ስደፍን ኖሬ በጡረታዬ ሆን ብዬ የከፈትሁት ቀዳዳ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እንዲያው አፍሬ እንደሆነ እንጃ፣ አጠገቡ ምንም ሳልጽፍ ቀረሁ። ተቆጣጣሪዎ የሠሩት እኔም በሥራ ዘመኔ ባየው የምሠራውን ነው። ሰው ቀዳዳ አይቶ ደፈነ ተብሎ አይወቀስም። የሚወቀሰው ከደፈነ በኋላ ጎርፍ ሲመጣ ገንዳው ነው ያፈሰሰው ብሎ የሚለጥፍ ነው፤ ማንን ማለቴ እንደሆነ ለመጻፍ አክብሮቴ ይከለክለኛል።

ባለቤቴ ከሰኞ ወዲህ አራት ቃላት አሏት። «ውኃ»፣ «ቀዳዳው»፣ የእኔ ስም፣ አራተኛው «አይሆንም» ነው። አራተኛው የመጣው የእርስዎን ማስታወቂያ ባነበብሁላት ጊዜ ነው። በቤታችን ይህ ቃል ከተነገረ ይግባኝ የለውም። ይግባኝ ያለ ሰው ካለ ሐሙስ መጥቶ ለእሷ ይንገራት፤ እኔ በአርባ አንድ ዓመት አልሞከርሁትም።

ቀዳዳዋን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከፍቼአታለሁ። ፈቃድ የምጠይቀው በዚህ ደብዳቤ ነው፤ ፈቃዱ እስኪመጣ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ሥራውን አስቀደምሁ። አጠገቧም በማይለቅ ቀለም «ይህች ቀዳዳ ሆን ተብላ የተበሳች ናት፤ እባክዎ አይንኳት» ብዬ ጽፌአለሁ። ሞተሩን አራት ጊዜ አጥፍቼ ሞክሬአለሁ፤ ቁም ሣጥኑ ሥር ያነጠፍሁት ጋዜጣ አንድ ጥግ እንኳ አልረጠበም።

ስለዚህ የምለምንዎ ብዙ አይደለም። የሐሙሱን ስብሰባ በቢሮዎ ሳይሆን በመልመጃ አዳራሹ፣ በገንዳው ፊት ያድርጉልኝ። እርስዎ ራስዎ በእጅዎ የሞተሩን ሶኬት ይንቀሉ። ሩብ ሰዓት ሁላችንም ቆመን ወለሉን እንመልከት። አንዲት ጠብታ ከወደቀች ገንዳውን እኔው ፈትቼ፣ ዓሣዎቹን በባልዲ ተሸክሜ እወጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ቧንቧ አንድ ቃል አልናገርም፤ ባለቤቴም ቢያንስ በዚህ ትጽናናለች። ጠብታ ካልወደቀች ግን ማስታወቂያውን በዚያው እጅዎ ይንቀሉልኝ፤ በመመሪያውም ላይ «የዓሣ ገንዳ ሲሆን ፕላስቲክ ይሁን፤ ቀዳዳውም አይደፈን» የምትል አንዲት መስመር ያስጨምሩልኝ።

ይህን እንደማይነፍጉኝ የማምንበት ምክንያት አለኝ። በምሳ ሰዓት፣ አዳራሹ ባዶ ነው ብለው ሲያስቡ፣ ኮትዎን ወንበር ላይ ሰቅለው፣ መስታወቱን በጥፍርዎ ቀስ ብለው እየነኩ ለጋሼ ዘበኛ የሚያፏጩለት ሰው እርስዎ ነዎት። እርሱም ሲያይዎ ከዋሻው ይወጣል፤ ለእኛ እንዲህ አይወጣም። ይህን እኔ አላየሁም፤ ስልክ የምታነሣዋም ልጅ አላየችም።

በሥራዎ ላይ ያለዎትን ትጋት ሳላቋርጥ እያደነቅሁ፣ ምንጣፍዎ ደረቅ፣ ቫልቮችዎ ታዛዥ፣ ፊርማዎ ፈጣን እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ፤ ዝቅ የምለው በአክብሮት ነው፣ ደግሞም ቧንቧው የሚገኘው ታች ነው።

የሁልጊዜ አክባሪዎ፣
ጡረተኛው ቧንቧ ሠራተኛ

ከፊርማዬ ሥር የምትታየው የተጣመመች መስመር ብዕር ያመለጠው ሰው ጭረት አይደለችም፤ የባለቤቴ ቀኝ እጅ ናት። እትዬ ጽዳት ከድንጋዩ እስክትወርድ ጠብቃ፣ ተከትላት የሠራችው ነው፤ ሩብ ሰዓት ፈጅቶባታል።

ግልባጭ፦
ለፊዚዮቴራፒስቷ
ለተቆጣጣሪው፣ ከምስጋና ጋር
ለእትዬ ጽዳት፣ በመስታወቱ በኩል ተለጥፎ እንድታየው

ማስታወሻ፦ ሐሙስ የሚያምር የቆዳ ጫማዎን አድርገው ቢመጡ ምንም አይደል፤ ወለሉ አይረጥብም። ተቆጣጣሪዎ ከስብሰባው በፊት የሲሊኮን ቱቦ ይዘው ወደ አዳራሹ ሲገቡ ከታዩ ግን ቦት ጫማ ያድርጉ፤ ቢሮዎ ውስጥ በታችኛው መደርደሪያ ያሉትንም ፋይሎች ወደ ላይ ያውጡ። ባለቤቴ በነጠላ ጫማ ነው የምትመጣው። ማንን እንደምታምን ከዚህ ይረዱልኝ።